የኪራይ ግቢ ተባይ፦ ትኋን፣ በረሮና አይጥ ሲገባ የሚታከመው ክፍሉ ነው ወይስ ረድፉ?

ባለስምንት በር | ባሕር ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ረድፍ ስለተሠሩ 8 የኪራይ ክፍሎች ነው የምጠይቀው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። 3 ክፍል ውስጥ ትኋን ታይቷል። የጋራ ማድ ቤቱን ትንንሽ በረሮ ወሮታል፣ ሌሊት ደግሞ ኮርኒስ ላይ አይጥ ይሮጣል። በዚህ ወር 2 ክፍል ይለቀቃል። ከተከራዮቹ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ ጡት የሚጠባ ሕፃንም አለ። የቱ ይቀድማል? ሁሉንም በአንድ ቀን ላስረጭ ወይስ ትኋን የታየበትን ብቻ? ወጪውስ የማን ነው?

---

የጀርባ መርጫ | ባሕር ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

የትኋኑን እኔ ልመልስ።

ትኋን የታየበትን ክፍል ብቻ ማስረጨት ገንዘብ ማፍሰስ ነው። በረድፍ ቤት ክፍሎቹን የሚለያየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ከኮርኒሱ በላይ ስምንቱም አንድ ቤት ናቸው። መድኃኒቱ የሸተተው ትኋን በኮርኒሱ፣ በመብራት መስመሩ ወይም በመቃኑ ስንጥቅ አድርጎ ጎረቤት ይገባል። ስለዚህ በአንድ ቀን 8ቱም ክፍል ይፈተሻል። ትኋን የታየበት፣ በግራና በቀኝ የሚያዋስነው እና በጀርባ የሚጋጠም ክፍል ካለ እሱም አብሮ ይታከማል። የቀሩት በየ15 ቀኑ ይፈተሻሉ።

ለፍተሻው የእጅ ባትሪና አሮጌ መታወቂያ ካርድ ይበቃል። ካርዱን በስንጥቁ ውስጥ ጎተት ሲያደርጉት ትኋኑ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ፍራሹ የተሰፋበት ጠርዝ፣ የአልጋው መጋጠሚያ፣ የራስጌው ጀርባ፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕልና ካላንደር፣ ከዚያ ሶኬትና የበር መቃን ነው። የብረት አልጋ ከሆነ የቱቦው ጫፍ ክፍት መሆኑን ይዩ፤ ፕላስቲክ ክዳኑ የወደቀበት ቱቦ የትኋን ጎተራ ነው። ጥቁር የቀለም ነጠብጣብ የመሰለው ምልክት እዳሪው ነው። እንቁላሉ ነጭ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ እንጨት ላይ የተለጠፈ ነው።

ከመርጨት በፊት ሙቀት ይቅደም። ትኋን 50 ዲግሪ ከደረሰ እንቁላሉም ራሱም ያልቃል። ባሕር ዳር ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሙቀቱ በቂ ነው። በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ በአልጋው መጋጠሚያና በቱቦው ጫፍ ላይ በቀስታ ይፈስሳል፤ ውሃው ከእንጨቱ ጋ ሲደርስ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ማፍሰስ ነው። ሶኬት አጠገብ ግን በፍጹም። አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ጋቢ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ የማይችለው ደግሞ በካውያ ይተኮሳል፣ ስፌቱ ላይ ዘግየት እያሉ።

ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብዙ ሰው ያደርጋል። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ እንኳ የስፖንጁ ውስጥ 50 ዲግሪ አይደርስም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይዞራል፣ ማታ አብሮ ይመለሳል። ፍራሹን በዚፕ በሚዘጋ ሽፋን ወይም ስፌት በሌለው ወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልሎ በፕላስተር ማሸግ ይሻላል። ሽፋኑ ዓመት ሙሉ አይከፈት፣ ምክንያቱም ትኋን ደም ሳይጠጣ ብዙ ወር ይቆያል።

---

ተከራይ ነኝ | ባሕር ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

የአልጋውን እግር ነጭ ጋዝ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ማቆምስ? ሁሉም ሰው ያደርገዋል።

---

የጀርባ መርጫ | ባሕር ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሐሳቡ ልክ ነው፣ ጋዙ ነው ስሕተቱ። ሻማና ከሰል ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ 4 ጣሳ ነጭ ጋዝ እሳት መጥራት ነው፤ ትነቱም ለሕፃኑ አይሆንም። ጎኑ ለስላሳ የሆነ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ዕቃ ውሰጂ፣ ውስጡን ታልክ ፓውደር በስሱ ቀቢው። ትኋን ለስላሳ ነገር ላይ መውጣት አይችልም። ውጪውን ግን በጨርቅ ወይም በወረቀት ፕላስተር አሻክሪው፣ ከመሬት ወጥቶ እንዲገባበት። አልጋው ከግድግዳ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ብርድ ልብሱም መሬት አይንካ። አለዚያ ወጥመዱ ምንም አይሠራም። በየሳምንቱ የገባውን ቆጥረሽ ጻፊ። ቤቱ ነጻ ወጣ የሚባለው ከመጨረሻው ሕክምና በኋላ ሰው እየተኛበት 8 ሳምንት ሙሉ አንድም ሳይገባ ሲቀር ነው።

---

ሞጣ በር | ሞጣ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከእርሻ መድኃኒት መደብር ዲያዚኖን ገዝቶ አንዴ ማስረጨት ነው። ዲዲቲም ከተገኘ ይገላግላል።

---

የሰብል ጥበቃ | ቡሬ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:00

ወንድሜ፣ ይህ ምክር ሰው ይጎዳል። ለእርሻ የሚሸጠው ዲያዚኖን 60 በመቶ የተከማቸ ነው፤ ለማሳ እንጂ ሰው ለሚተኛበት ክፍል አልተዘጋጀም። ነርቭ ላይ የሚሠራ መርዝ ነው። ለሀጭ ያዝረበርባል፣ ያስመልሳል፣ የዓይን ብሌን ያጠብባል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ባሉበት ግቢ ሊታሰብ አይገባም። ዲዲቲም ቢሆን ትኋን ከለመደው አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ ደግሞ ለዓመታት ይቆያል።

በጸረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት መድኃኒት የሚሸጠው ተመዝግቦ፣ ለተመዘገበበት አገልግሎት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ጠርሙሱ ላይ «ለቤት ውስጥ» ወይም «ለኅብረተሰብ ጤና» የሚል መኖሩን ያንብቡ። በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት አይግዙ። መለያ የለውም፣ ልጅ ደግሞ ይጠጣዋል።

---

የጀርባ መርጫ | ባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:45

ትክክል። ለቤት በብዛት የሚገኘው ዴልታሜትሪንና መሰሎቹ ናቸው። በእነሱም ላይ ትኋን በብዙ ቦታ ተላምዷል፣ ለዚህ ነው መድኃኒቱን ከሙቀትና ከሽፋን ጋር እንጂ ለብቻው የማላምነው።

መጠኑን መለያው ላይ ካለው አያሳልፉ። ድርብ ማድረግ ትኋኑን አይገድለውም፣ ሰዉን ግን ያሳምማል። ሰው የሚሳሳተው በውሃው ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር 40 ሚሊ ሊትር ያህል ብጥብጥ ይበቃል። 3 በ4 የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ነው። ከወለል እስከ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 7 ካሬ ይሆናል፤ የአልጋውን ስር፣ መቃኑንና የኮርኒሱን ጠርዝ ጨምረው ወደ 15 ካሬ ይሉታል። 15 በ40 ሲባዛ 600 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ለ8 ክፍል 5 ሊትር ይበቃል ማለት ነው። 16 ሊትር በጥብጦ ግድግዳውን የሚያጥብ ረጪ ከመጣ ሥራውን አያውቅም። ብጥብጡ ከግድግዳው መንጠባጠብ ከጀመረ በዝቷል።

ፍራሽ ላይ፣ ልብስ ላይ፣ መሶብና ቡሃቃ ላይ አይረጭም። ምግብና የሚጠጣ ውሃ ይወጣል። ረጪው ጓንት፣ የኬሚካል ማስክና መነጽር ያድርግ፤ ተራ የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያግድም። ግድግዳው እስኪደርቅ ቢያንስ 4 ሰዓት በርና መስኮት ተከፍቶ ሰው አይገባም። ነፍሰ ጡሯና ሕፃኑ ግን ዘመድ ቤት ቢያድሩ እመርጣለሁ። የእነሱ ክፍል ውስጥ በሙቀት፣ በሽፋንና በወጥመድ ብቻ መሥራትም ይቻላል፤ ረዘም ይላል እንጂ ይሠራል።

ሁለተኛው ዙር በ14ኛው ቀን ነው። እንቁላሉን መድኃኒቱ አይነካውም። በባሕር ዳር ሙቀት ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ይፈለፈላል፣ እኛ የምንፈልገው የተፈለፈለው አድጎ እንቁላል ሳይጥል መድረስ ነው።

---

ማርቆስ አናጢ | ደብረ ማርቆስ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

የ14 ቀኑን ጉዳይ ለደጋ ሰው ላርመው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አልፎ ነው ያለው። ክፍሉ 18 ዲግሪ ሲሆን እንቁላሉ ለመፈልፈል 3 ሳምንት ይፈጃል። በ14 ቀን ደግመው ቢረጩ ግማሹ ገና እንቁላል ነው። እንጅባራና ማርቆስ ላይ ሁለተኛውን ዙር በ3ኛው ሳምንት፣ ሦስተኛውን በ6ኛው ማድረግ ይሻላል።

አሁን ወደ አይጡ። አይጥ በመርዝ ሳይሆን በግንብ ነው የሚያልቀው። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያስገባ፣ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ታልፋለች። አይጠ መጎጥ አውራ ጣት የሚያስገባ ይበቃዋል። በእኛ አገር አሠራር የሚገቡት በእነዚህ ነው፦ የቆርቆሮው ሞገድ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ከስሩ የሚቀረው ክፍተት፣ የውሃ ቧንቧ ግድግዳ የሚበሳበት፣ የበሩ ስር፣ እና ዝናብ የበላው የጭቃ ግድግዳ እግር።

ለቆርቆሮው ሞገድ ጭቃ ብቻ አይበቃም፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ አይጥም ያወጣዋል። መጀመሪያ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቁ፣ ላዩን 1 ሲሚንቶ በ3 አሸዋ ለስኑት። ቧንቧም እንዲሁ። የበሩ ስር ላይ የቆርቆሮ ልባጭ ምስማር ይመታል፣ ከወለሉ ያለው ክፍተት ከ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ። የጭቃው እግር በጭድ ተቦክቶ ቢያንስ 5 ቀን በቆየ ጭቃ ይመረግና ሲደርቅ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር በሲሚንቶ ይለሰናል። ያልደረቀ ጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ በመጀመሪያው ክረምት ይላቀቃል፣ በልስኑና በጭቃው መካከል ያለው ባዶ ቦታም ለትኋንና ለአይጥ ሁለቱንም ቤት ይሆናል። ግድግዳዎን በጣት ጀርባ ቆርቁሩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ፈርሶ እንደገና መለሰን አለበት።

የማዳበሪያው ኮርኒስ ደግሞ ይነሣ ነው የምለው። ስፌቱ ሁሉ መደበቂያ ነው፣ አይጡ የሚጥለውም በላዩ ተከምሮ ይቀራል። የሚለቀቁት 2 ክፍሎች ላይ ጀምሩ፦ ክፍፍል ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው ከፍ አድርጋችሁ ምረጉት፣ ከዚያ ችፑድ ምቱ፣ ጠርዙን በከርከሮ (በቀጭን የእንጨት ዝርግ) ዝጉት።

---

ባለስምንት በር | ባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

እግዜር ይስጥልኝ። ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት አይጡ ውስጥ ቢቀርስ? የአይጥ መርዝ ኮርኒስ ላይ ልወርውር?

---

ማርቆስ አናጢ | ደብረ ማርቆስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

አይወርውሩ። በብዛት የሚሸጠው ብሮማዲዮሎን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ አይጡ ከበላ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ኮርኒስ ውስጥ ይሞታል፣ ሽታው ደግሞ ሳምንታት ይቆያል። የሞተውን የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች፣ ከዚያ በኋላ አይጡ ጠላት የለውም።

ቤት ውስጥ ወጥመድ ይቅደም። ምላሱን (መብሉ የሚደረግበትን ጫፍ) ወደ ግድግዳው አድርጋችሁ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ በየ2 ሜትሩ አስቀምጡ፤ አይጥ የክፍሉን መሀል አያቋርጥም። የተቆላ ለውዝ አድቅቃችሁ በምላሱ ላይ ለጥፉ፣ ወይም ቁራጭ ቋንጣ በክር እሰሩበት። አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ስለሚፈራ 3 ቀን ወጥመዱን ሳትወጥሩ አብሉት፣ በ4ኛው ቀን ሁሉንም በአንድ ሌሊት ወጥሩ። ሁለት ወጥመድ ብቻ አስቀምጦ «አልያዘም» ማለት አይሠራም፤ ለአንድ ክፍል 6 ይሁን። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ካልተያዘ ያኔ ድፈኑ።

መርዝ ካስፈለገ ከግቢው አጥር ጥግ ብቻ ነው። ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ቆርጣችሁ መሀሉ ላይ መርዙን በሽቦ እሰሩ፣ ቱቦውንም ከአጥሩ ጋር እሰሩት፤ ዶሮና ልጅ እንዳይደርስበት ነው። ልጅ ከበላው መጠቅለያውን ይዞ ወደ ሆስፒታል። ለብሮማዲዮሎን ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው፣ ሐኪሙ የመርዙን ስም ካወቀ ጊዜ አይባክንም።

---

የሰብል ጥበቃ | ቡሬ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ከወንድሜ አናጢው የቀጠለ፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ነገር። ከኅዳር እስከ ጥር በቆሎው ሲገባ፣ ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም ላይ ባዶ የቀረውን የኪራይ ክፍል እህል ማስቀመጫ የሚያደርግ አከራይ አለ። ለነቀዝ ተብሎ የፎስቶክሲን ክኒን ጣል ይደረጋል፣ በሚቀጥለው ክፍል ተከራይ ይተኛል። ይህ ይገድላል።

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ 1 ግራም ፎስፊን ጋዝ ይለቅቃል። ጋዙ በጭቃ ግድግዳ፣ በሶኬት ቀዳዳና ከላይ በነገርናችሁ የጋራ ኮርኒስ በኩል ያልፋል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው ይባላል፣ ሽታው ሳይታወቅ የሚጎዳ መጠን ሊደርስ ስለሚችል ግን በአፍንጫ መተማመን አይቻልም። ማርከሻ የለውም። ራስ ምታት፣ ማስመለስና የደረት መጨነቅ በአንድ ሌሊት ከአንድ በላይ ሰው ላይ ከታየ ሁሉም ወዲያው ከቤት ይውጣ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ። ክኒኑ ላይ ውሃ አይድፉ፣ ጋዙን ያጣድፈዋል። ለትኋን ብሎ ክኒን ክፍል ውስጥ ማስቀመጥም እንዲሁ የሞት መንገድ ነው።

ለእህሉ ያለው አማራጭ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፣ 100 ኪሎ ይይዛል። ሁለቱን የውስጥ ፕላስቲክ አየሩን እየጨመቁ ለየብቻ ጠምዝዞ ማሰር ነው፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። እህሉ ግን መድረቅ አለበት። ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ነቅንቁ፣ 15 ደቂቃ አቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና እርጥብ ነው፣ አስጡት። ከረጢቱን አይጥ ስለሚበሳው ከወለል በርብራብ ከፍ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ራቅ ይደረግ።

---

እማማ ማጀት | ዳንግላ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:20

ልጆቼ፣ በረሮውን ረሳችሁት። ትንሿ፣ ከራሷ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር ያላት በረሮ በፍሊት አታልቅም። እንቁላሏን በከረጢት 30 እና 40 አድርጋ በጅራቷ ተሸክማ ስለምትዞር እናቲቱ ብትሞት እንኳ ሊፈለፈል የደረሰው ይተርፋል። ፍሊቱ ደግሞ የቀሩትን ወደየክፍሉ ይበትናቸዋል።

የበረሮ ማባበያ ጄል ይግዙ፣ ፊፕሮኒል ወይም ኢሚዳክሎፕሪድ ያለው። የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ፣ ለአንድ ማድ ቤት ከ15 እስከ 20 ቦታ፦ የፍሪጁ ሞተር አጠገብ፣ የመደርደሪያው ማጠፊያ፣ የምጣዱ ማስቀመጫ ጀርባ፣ የቧንቧው ስር። እሳት የሚነካው ቦታ ላይ ይደርቃል። ጄል ባለበት ፍሊት ከተረጨ በረሮዋ አትቀርበውም፣ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው፤ ይህንን ለተከራዮቹ ሁሉ ንገሩ። በ10ኛው ቀን ያለቀውን ተኩ። ጄል ከጠፋ ቦሪክ አሲድ፣ ስኳርና ዱቄት እኩል እኩል ቀላቅለው በጠርሙስ ክዳን ልጅ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ማታ የቡሃቃው ክዳን ይጥበቅ፣ ዕቃ ሳይታጠብ አይደር፤ ሌላ የሚበላ ካገኘች ጄሉን አትነካም።

ትልልቁ ቀይ በረሮ ግን ከመጸዳጃው ነው የሚመጣው። ቀዳዳው ክዳን ይኑረው፣ የአየር ቱቦው ጫፍ በወንፊት ይታሰር። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሲከርም የወለሉ ሲፎን (ውሃ ቋጥሮ የሚይዘው የፍሳሽ መውረጃ) ውሃው ይደርቅና በሩ ይከፈትለታል፣ በሳምንት አንዴ 1 ሊትር ውሃ ይድፉበት።

---

ውልና ማስረጃ | ፍኖተ ሰላም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ወጪው የማን ነው ለተባለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ስለ ተባይ ግን ውሉ ላይ ካልጻፋችሁ ክርክሩ ማለቂያ የለውም፣ ትኋን ማን እንዳመጣው በምንም አይረጋገጥምና። እኔ የምመክረው አንቀጽ ይህ ነው፦ ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት አከራይና ተከራይ በባትሪ አብረው ፈትሸው የተገኘውን ጽፈው ይፈርማሉ፤ ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ ቀዳዳ መድፈን እና ከአንድ ክፍል በላይ የሆነ ሕክምና የአከራዩ ነው፤ ክፍሉን ለሕክምና ማዘጋጀት፣ ልብስ ማጠብና የማድ ቤት ጽዳት የተከራዩ ነው፤ ተባይ ያየ ተከራይ በ3 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፣ በማሳወቁም ተጠያቂ አይሆንም።

የመጨረሻዋ ሐረግ ዋናዋ ናት። ያስወጡኛል ብሎ የሚፈራ ተከራይ ትኋኑን ደብቆ ለብቻው ፍሊት ይነፋል፣ በሁለት ወር ረድፉ በሙሉ ይያዛል።

---

ተከራይ ነኝ | ባሕር ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ባዶ ከቆየ ቤት ስንገባ በመጀመሪያው ቀን ቁንጫ የሚወረን ለምንድን ነው? ሰው አልነበረበትም።

---

የጀርባ መርጫ | ባሕር ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:35

ሰው ስላልነበረበት ነው። የቁንጫ ልጅ ወለሉ አቧራ ውስጥ ድሩን ጠቅልላ ወራት ትቆያለች፣ የእግር ንዝረትና የሰው ሙቀት ሲሰማት ነው የምትወጣው። መድኃኒትም ድሩን አያልፍም። ዕቃ ከመግባቱ 2 ሳምንት በፊት በየቀኑ ክፍሉን ረግጣችሁ ጥረጉት፣ ጥራጊውን አቃጥሉት። የአፈር ወለል ከሆነ ጠርገው ሲያበቁ ስንጥቁን በጭቃ ደፍነው ይለቅልቁት። የግቢው ውሻ ካልታከመ ግን በ3 ሳምንት ይመለሳል።

---

ባለስምንት በር | ባሕር ዳር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ። በሚለቀቁት 2 ክፍሎች ላይ ልስኑ ይቅደም ወይስ ርጭቱ?

---

ማርቆስ አናጢ | ደብረ ማርቆስ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:30

ኮርኒሱን ክፍሉ ውስጥ እንዳለ በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልለው ያውጡና ያቃጥሉት፤ በግቢው ሲጎተት ትኋኑ ለ6ቱ ክፍል ይራገፋል። የአይጡን እዳሪ ከመጥረግዎ በፊት በበረኪና ውሃ አርጥቡት፣ አቧራው አይሳብ። ከዚያ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ልስን አፍርሱ፣ የተከፈተውን ስንጥቅ አስረጩ፣ 2 ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ ይለሰን። ሲሚንቶና ኖራ ዴልታሜትሪንን ስለሚያፈርሱት ልስኑ ጠንክሮ ቀለም ከተቀባ በኋላ ጠርዝ ጠርዙን ሁለተኛውን ዙር ይርጩ። ተከራይ ከመግባቱ በፊት ክፍፍሉ ቆርቆሮው ድረስ መድረሱን በባትሪ ከላይ ያረጋግጡ፤ ከጎረቤት ክፍል ብርሃን ከታየ ገና አላለቀም።